የቅዳሜ ምክንያት

ሱዪን በድልድዩ ስር ወዳለው የጓንግኋ ገበያ የሚያወርደውን ደረጃ ከመጀመሯ በፊት ሁልጊዜ ቆም ብላ ፊቷን ታስተካክላለች። ባሏ ከሞተ ዓመት ያልሞላት ሴት ፊት ምን መምሰል እንዳለበት ታውቃለች፤ ብዙ ወር ያለ ምንም ድካም የራሷ ፊት ሆኖ ቆይቷል። አሁን ግን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከምትሠራበት ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ወጥታ አውቶቡስ ስትሳፈር ፊቷ ሳታዘው ይፈታል። ደረጃው ላይ የምትሰበስበው እሱን ነው።

ታች ገበያው ይንጫጫል። አሮጌ መጻሕፍት፣ የራዲዮ ዕቃ፣ ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ ኮምፒውተሮች። ከላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር አምፖሎቹ ይወዛወዛሉ። የኒየንዙ ሱቅ ጥግ ላይ ነው፤ ሱቅ ከተባለ። እሱ ሲቀመጥ ደንበኛው መቆም አለበት።

«መጡልህ!» አሉ እትዬ ችዩ። ከኒየንዙ አጠገብ አሮጌ መጽሔት የሚሸጡ ሴት ናቸው። «ተነስ እንጂ፣ ፀጉርህን ነካ ነካ አድርገው። የብየዳው ጭስ ነው እንዲህ ያቆመው?»

«እትዬ፣ መጽሔትዎን ይሽጡ።»

«እኔማ እየሸጥኩ ነው። ከጸደይ ጀምሮ ለአንዲት ደንበኛ አንድ ዕቃ ማቅረብ ያቃተህ አንተ ነህ።»

ኒየንዙ አልሳቀም። ከዋናው ቻይና የመጣ ወታደር ልጅ ነው፤ የቴክኒክ ትምህርቱን አቋርጦ ዕድሜውን በዚህ ጥግ የጨረሰ፣ ጣቶቹ በብየዳ ብረት የተለበለቡ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ለሱዪን የራሱን በርጩማ ሰጥቶ ቆመ።

«መምህርት፣ ዛሬ ባዶ እጄን አይደለሁም» አለ። «ከሦስቱ ሠሪዎች አንዱን አገኘሁት።»

ሱዪን ጉልበቷ ላይ ያስቀመጠችውን ቦርሳ ጨበጠች።

የሚፈልጉት ዕቃ «ነጭ ሽመላ» ይባላል። በቻይንኛ መጻፊያ ፕሮግራም ነው፤ ሁለት ዲስክ። ሦስት ወጣቶች ሠርተውት፣ ለጥቂት ሰው ሸጠውት፣ ድርጅታቸው ፈረሰ። በዚያ ዘመን ታይፔ ውስጥ የቻይንኛ ፕሮግራም የሚሠራ ሁሉ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈውን በሌላው ሲከፍቱት ፊደል ይመጣል፤ ግን የተጻፈው ፊደል አይደለም። የሱዪን ባል ሾውዪ ደግሞ መጽሐፉን የጻፈው በነጭ ሽመላ ነው። መጽሐፉ ያለበት ዲስክ እቤት አለ። የሚከፍተው ፕሮግራም ግን ከሞተ በኋላ ቢፈለግ፣ ቢፈለግ ጠፋ። ሱዪን ወደዚህ ገበያ የመጣችው እሱን ፍለጋ ነው።

«የት ነው ያለው?» አለች።

«ፒንግቶንግ። ደቡብ ጫፍ። ፕሮግራም መሥራቱን ትቶ በኩሬ ሽሪምፕ ያረባል አሉ። ማክሰኞ እሄዳለሁ።»

«ሱቅዎስ?»

«ሱቁ የት ይሄዳል?»

«አይሂዱ።»

ቃሉ ከአፏ የወጣው ከምትፈልገው በላይ ፈጥኖ ነው። እትዬ ችዩ መጽሔት መደርደር አቆሙ።

«ማለቴ… የነፋስና የዝናብ ማዕበል ይመጣል ብሏል ራዲዮው» አለች ሱዪን። «በሞተር ሳይክል እንዴት ይሆናል?»

ኒየንዙ አያት። ዓይኖቹ ከሷ ላይ ሲነሱ ሁልጊዜ ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስላሉ። «የባለቤትዎ ሙት ዓመት ደርሷል» አለ። «አባትየው መጽሐፉን አሳትመው የቤት መሠዊያው ላይ ሊያኖሩት ይፈልጋሉ ብለውኛል። ሌላ ጊዜ የለንም።»

«ቢቀርስ?»

«እንዴት ይቀራል? እርስዎ በየሳምንቱ ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጡት ለባለቤትዎ አይደል?» ብረቱን አነሳ፤ የሚበየድ ነገር ግን አልነበረም፤ መልሶ አስቀመጠው። «አንዳንዴ ሳስበው ዕድለኛ ሰው ናቸው።»

«ሞቷል እኮ፣ አቶ ኒየንዙ።»

«ቢሆንም» አለ።

ወደ ደረጃው ስትመለስ እትዬ ችዩ አንድም ቀልድ አልወረወሩባትም። ያ ከቀልዱ ሁሉ ይበልጥ አስፈራት።

*

አማቷ አዛውንቱ ጂየን በረንዳ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋት ነበር። በጂንግቶንግ የከሰል መስመር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር የነዱ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ጫማዋን ስታወልቅ የሚመለከቷት የጣቢያ ምልክት እንደሚመለከት ሰው ነው።

«ተገኘ?»

«ገና ነው፣ አባባ።»

«እሺ። እራት አለ።»

ይኸው ነው። በየማታው ይኸው ነው። ሌላ ሰው ቢሰማቸው መጽሐፉን የሚጠብቁት ለክብር ነው ይል ነበር። ልጃቸው የጻፈው ስለሳቸው የባቡር መስመር ነው፤ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እንዲታተም የማይፈልግ አባት የለም። ሱዪን ግን ጥያቄው ከምን እንደመጣ ታውቃለች፤ ስላየችው።

ከቀብሩ በኋላ ነው። የሾውዪ የአጎት ልጅ የራሱን ፕሮግራም ይዞ መጣና «እኔ እከፍተዋለሁ፣ ምን ችግር አለው!» ብሎ ዲስኩን አስገባ። ስክሪኑ በፊደል ሞላ። አዛውንቱ የተማሩት በጃፓን ዘመን ስለሆነ ቻይንኛ ማንበብ ያዳግታቸዋል፤ «አንብብልኝ» አሉት። ልጁ ሳያስብ ጮክ ብሎ አነበበ። «ጨው። ትከሻ። ዝሆን መጥረጊያ አገባ። ሰባት ጉልበት ዝናብ፣ ዝናብ፣ የአክስት ምስማር።»

አዛውንቱ ከወንበሩ ተነሱ።

ሾውዪ የሞተው በጉበት በሽታ ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በሽታው ወደ ራሱ ወጥቶ ነበር። ሱዪንን በእህቱ ስም ይጠራታል፤ በቀን መብራት አጥፉ ይላል። ሆኖም ሻል ሲለው ተደግፎ ይነሳና ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል፤ አንድ ፊደል፣ ከዚያ ዕረፍት፣ ከዚያ ሌላ ፊደል። እነዚያን ቀኖች ምን ሲጽፍ እንደነበር ማንም አላየም።

ፕሮግራሙ ስለሆነ ነው፣ ቁጥሩ ስለማይገጥም ነው ብለው ሁሉም አስረዷቸው። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚያጽናኑትን ሰዎች ላለማስቀየም ራሱን እንደሚነቀንቅ ሰው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ተገኘ?» ሲሉ የሚጠይቁት ልጄ የሞተው አእምሮው እንደተሟላ ነው ወይስ እንደተበተነ ነው ማለታቸው ነው።

ሱዪን ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ቁም ሳጥኑ ውስጥ፣ ከክረምት ብርድ ልብሱ ስር፣ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ሾውዪ የካሜራውን መነጽር ሻጋታ እንዳይበላው እርጥበት ከሚመጥ የኖራ ከረጢት ጋር የሚያስቀምጥበት ነው። በሰኔ ዝናብ፣ ግድግዳው ሁሉ ላብ ሲያወጣ፣ ኖራውን ልትቀይር ከፈተችው። ከመነጽሩ ስር ሁለት ዲስኮች ነበሩ። ልጥፋቸው ላይ አንዲት ነጭ ሽመላ በአንድ እግሯ ቆማለች።

ያን ጊዜ ማሽኑን አበራች። ፕሮግራሙ ሠራ፤ ሽመላዋ ክንፏን ዘርግታ ስክሪኑን አቋርጣ በረረች። የሾውዪን ዲስክ አስገባች። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ቀርቷት ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነበር።

ማሽኑን አጠፋችው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ አንዴ ብቻ ልሂድ፣ ልንገረውና ላመስግነው፣ ከዚያ ይበቃል አለች። በማግስቱ ግን ኒየንዙ ሲያያት ከበርጩማው ተነሳ፤ ለማንም ሳይሆን ለሷ ብቻ እንደሚነሳ ያን ቀን አየች። አልነገረችውም። ከዚያ በኋላ ያለውን ለራሷም አስረድታ አታውቅም። የሞተ ባሏን መጽሐፍ እየፈለገች እስካለች ድረስ ማንም የት ነበርሽ አይላትም፤ አማቷ ዣንጥላ ያቀብሏታል፤ ጎረቤት «እንዲህ ነው ሚስት» ይላል። ከተገኘ ግን ለየትኛው ጉዳይ ነው ያን ደረጃ የምትወርደው?

ቆርቆሮውን አልከፈተችውም። እዚያ መኖሩን በእጇ ነክታ አረጋገጠች፤ እንደ ቁስል።

*

ረቡዕ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ስልክ ጮኸ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ አጠገቧ ቆመው ጋዜጣ ያገላብጡ ነበር።

«መምህርት? እኔ ነኝ!» የኒየንዙ ድምፅ ከንፋስ ጋር ይታገላል። «ሰውየውን አገኘሁት! እጁ ሁሉ የሽሪምፕ መኖ ነው የሚሸተው። ስለ ፕሮግራሙ ሳነሳበት አለቀሰ ብልዎት ያምኑኛል? ዲስኮቹ አሉኝ አለ፤ መጋዘን ውስጥ ናቸው። ነገ ይፈልግልኛል።»

«አቶ ኒየንዙ…»

«ይሰማሉ? ሳንቲም እያለቀብኝ ነው።»

«ይሰማኛል። ይመለሱ።»

«ምን?»

ምክትሉ ጋዜጣውን ዝቅ አደረጉ። ሱዪን ጀርባዋን ሰጠቻቸው። አሁን ብትለው ያበቃል። እቤት ነው ያለው፣ ከሰኔ ጀምሮ እቤት ነው፣ ይመለሱ። አጭር ቃል ነው።

«ማዕበሉ ከደቡብ ነው የሚጀምረው አሉ» አለች። «ለእኔ ብለው እንዳይጎዱ።»

በስልኩ ውስጥ ዝናብ ብቻ ተሰማ። ከዚያ በጣም በቀስታ «ለእርስዎማ ነው እንጂ፣ መምህርት» አለ። «ለማን ሊሆን ነው?»

ሳንቲሙ አለቀ። ሱዪን እጀታውን ከጆሮዋ ሳታነሳ ቆየች።

«ደህና አይደለም እንዴ?» አሉ ምክትሉ።

«የባለቤቴ መጽሐፍ ጉዳይ ነው።»

«አይ እርስዎ! እንዲህ ያለች ሚስት የት ይገኛል?» ብለው በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከተሰደበች ይሻላት ነበር።

*

ማዕበሉ ዓርብ ከሰዓት ታይፔ ገባ። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ፣ አዛውንቱ መስኮቶቹን በሣንቃ ሲያጠብቁ በሩ ተንኳኳ። ኒየንዙ ነው። ወደዚህ ቤት መጥቶ አያውቅም። ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ውሃ ያንጠባጥባል፤ ደረቱ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር አቅፏል።

ሱዪን ፎጣ ሰጠችው። እጃቸው አልተነካካም፤ ሁለቱም ተጠንቅቀው ነው።

«አባቴ» አለ ኒየንዙ ለአዛውንቱ ጎንበስ ብሎ፣ በተሰባበረ ታይዋንኛ። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት።»

«ምን?» አሉ አዛውንቱ። «አፍህ ውስጥ ጠጠር አለ እንዴ? በማንዳሪን ተናገር። እኔ እየተሰቃየሁ ልስማህ።»

ኒየንዙ ላስቲኩን ፈታ። ሁለት ዲስኮች። አንዱ በነጫጭ ነጠብጣብ ተሸፍኗል፤ ሌላው ተላጥቶ ቡናማው ፕላስቲክ ይታያል።

«ኩሬው አጠገብ ነው ያስቀመጠው። ጨውና እርጥበት በልቶታል። በመንገዴ ታይናን ሞከርኩት፣ ታይቹንግ ሞከርኩት። አንዱ ማሽኑ ውስጥ ተላጠ። ሌላ ቅጂ የለም። ከሦስቱ ሠሪዎች አንዱ የት እንደገባ አይታወቅም፣ አንዱ ሞቷል። ሁሉንም ጠይቄያለሁ። አለቀ ማለት ነው።»

አዛውንቱ ዲስኩን ተቀበሉት። በአውራ ጣታቸው ነጠብጣቡን ጠረግ ጠረግ አደረጉት፤ የሚለቅ ከሆነ ብለው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡት።

«እንግዲያው አይታወቅም» አሉ። «ያ ልጅ እንዴት ሆኖ እንደሄደ አይታወቅም።»

እዚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሱዪን ሲያረጁ አየቻቸው።

«መምህርት» አለ ኒየንዙ፤ የራስ ቁሩን አነሳ። «ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ መልፋት የለብዎትም።»

ሱዪን ክፍሏ ገባች። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ተሰማ። ስትመለስ ቆርቆሮውን ይዛ ነበር። ክዳኑን አነሳች፤ ኖራውን፣ መነጽሩን አወጣች፤ ዲስኮቹን ከተበላሹት አጠገብ አስቀመጠች። ሁለቱ ሽመላዎች ንጹሕ ነበሩ።

መጀመሪያ የተናገረው ኒየንዙ ነው። «ከየት…?»

«እዚሁ ነበር።»

«ዛሬ ተገኘ?»

«አይደለም። በሰኔ።»

እንደ ሒሳብ በዝግታ ነው የገባው። «ስደውልልዎት ነበረዎት?»

«ነበረኝ።»

«ሱቄን ዘግቼ ስሄድ?»

«ነበረኝ።»

ሳቀ፤ ሳቁ ግን ሳቅ አልነበረም። «እትዬ ችዩ ገበያውን ሙሉ ሲያስቁብኝ ከረሙ። ለካ ልክ ናቸው። አንድ ጅል ይለፋ ብለው ነው? ምን አጠፋሁ? ቢነግሩኝ አይበቃም ነበር?» በሩ ጋ ደርሷል። እጁ መወርወሪያው ላይ ነው፤ ከውጭ ነፋሱ በሩን ይገፋል።

«ቆይ» አሉ አዛውንቱ። ሱዪንን እንጂ እሱን አላዩም። ዓይኖቻቸው ቀልተዋል። «በየማታው እጠይቅሽ ነበር።»

«አዎ፣ አባባ።»

«በየማታው!»

«አዎ።»

አዛውንቱ ረጅም ትንፋሽ ወሰዱ። ቁጣው ፊታቸው ላይ ሲወጣ፣ ከዚያም በትልቅ ጉልበት ሲመለስ ታየ። «ተዋት፣ አንተ ልጅ» አሉ በመጨረሻ። «አትቆጣት። ፈርታ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር እኮ። ቢከፈትና ያው ዝሆንና መጥረጊያ ቢሆንስ? ስሙ እንዳይበላሽ ብላ ነው የደበቀችው። ለሱ ብላ ነው። አይደል ልጄ?»

በሩ ጋ የኒየንዙ እጅ ላላ። ዞር ብሎ አያት፤ ንዴቱ ከፊቱ ወርዶ በቦታው ርኅራኄ መጣ። ለባሏ ስም የተጨነቀች ሴት ናት፤ ማን ይፈርድባታል? ገብቶታል። ሊሄድ ነው፤ ግን ይቅር ብሎ ሊሄድ ነው።

መልሱ ጥሩ ነበር። ግማሹም እውነት ነበር። ሱዪን «አዎ» ብትል በዚህ ቤት እንደተከበረች ትኖራለች፤ በሙት ዓመቱ ዘመድ ሁሉ ፊት ቀና ብላ ትቆማለች። የሚያስፈልገው አንዲት ቃል ናት፤ እሷንም አዛውንቱ ራሳቸው አፏ ድረስ አምጥተውላታል።

«አይደለም፣ አባባ» አለች።

ዝናቡ ሣንቃውን ይደበድበዋል። ድምፅዋን ከፍ ማድረግ ነበረባት፤ ዝቅ ብሎ ሊባል የሚገባውን ነገር ከፍ አድርጋ ተናገረች።

«ያገኘሁት ዓርብ ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ነው። ከከፈትኩት ፍለጋው ያልቃል፤ ካለቀ ወደ ገበያው የምሄድበት ምክንያት የለኝም። አንድ ቅዳሜ ብቻ ብዬ ነበር። ከዚያ ሌላ አንድ ቅዳሜ። እርስዎ ሲጠይቁኝ ገና ነው የምለው ለዚያ ነው። ለሾውዪ ስም ብዬ አይደለም። የሾውዪን አፍ ዘግቼ ሌላ ሰው ለማየት ነው የሄድኩት።»

ኒየንዙን አላየችውም። ቢሆንም መወርወሪያው ተመልሶ ሲዘጋ ሰማች፤ እሱ ከውስጥ ነው።

አዛውንቱ ተነሱ። ወደ ጓዳ ገቡ፤ የቧንቧ ውሃ ሲወርድ ተሰማ። ረጅም ጊዜ ወረደ።

«ሱዪን» አለ ኒየንዙ። ስሟን ያለ ማዕረግ ጠርቶት አያውቅም። «አንቺ… እኔ እኮ የሱን ድምፅ ፈልጌ ካመጣሁልሽ በኋላ ያበቃልኛል ብዬ ነበር። ሞተሩ ላይ ሆኜ ሳለቅስ ነው የመጣሁት። ዲስኩ ስለተበላሸ ሳይሆን፣ ስለተበላሸ ደስ ስላለኝ።»

ቀና ብላ አየችው። ሁለቱም አፍረዋል፤ ሁለቱም በአንድ ነገር።

«አሁን አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «አባባ ይምጡ።»

አዛውንቱ ፊታቸውን ታጥበው፣ መነጽራቸውን አድርገው መጡ። ማንንም ሳያዩ ወንበራቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ጎተቱ።

«አብሪው» አሉ። «መጨረሻውን ክፈቺ። መጀመሪያውን ሲጽፍ ደህና ነበር፤ እሱን አውቃለሁ።»

መብራቱ አንዴ ጠፋ አለና ተመለሰ። ሱዪን ዲስኮቹን አስገባች። ሽመላዋ በረረች። የሾውዪ ዲስክ እየተጎረበጠ ዞረ፤ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከሚገባው በላይ ቆየ፤ ከዚያ የመጨረሻው ምዕራፍ መጣ።

ሱዪን ዓይኗ መስመሩን ያዘ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም።

«ምነው ዝም አልሽ?» አሉ አዛውንቱ። እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨምድዶ ይዟል። «እንደዚያው ነው? ንገሪኝ። ዝሆኑ ነው?»

ራሷን በኃይል ወዘወዘች፤ መናገር ግን አልቻለችም። ኒየንዙ ከኋላዋ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ በዚያ በሰሜን ቻይና ወታደር ልጅ አነጋገሩ።

«ከሺፈን ቁልቁል ሲወረድ ሐዲዱ በዝናብ ያሙለጨልጫል…»

«ቻፕሁን» አሉ አዛውንቱ።

«እንዴት አባቴ?»

«ሺፈን አይደለም የሚባለው። እኛ በታይዋንኛ ቻፕሁን ነው የምንለው። በል ቀጥል!»

«ከቻ… ከቻፑን ቁልቁል ሲወረድ ሐዲዱ በዝናብ ያሙለጨልጫል። ጎበዝ ነጂ ፍሬኑን ብቻውን አያምንም። አሸዋ በሐዲዱ ላይ ይለቃል። አሸዋው ከረጠበ ግን ቱቦው ውስጥ ይጋገራል። ስለዚህ አባቴ በክረምት አሸዋውን በእናቴ መጥበሻ ያደርቀው ነበር። በማግስቱ ሩዙ ጥርስ ይሰብራል፤ እናቴ ትጮኻለች፤ አባቴ ደግሞ ‹ባቡሩ ከሚገለበጥ ጥርስሽ ይሰበር› ይላታል። ይህን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሞታ እንኳን ይፈራታል።»

አዛውንቱ አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ መጀመሪያ አልታወቀም።

«ይኼንን…» አሉ። «ይኼንን የነገርኩት በመጨረሻው ሳምንት ነው። አልጋው አጠገብ። ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የማይሰማ መስሎኝ ለራሴ ነበር የማወራው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሰምቶኛል። አንድ ቃል አልሳተም። መጥበሻውን እንኳን…»

ኒየንዙ ማንበቡን ቀጠለ። የጣቢያ ስም በመጣ ቁጥር ያበላሸዋል፤ አዛውንቱ ያርሙታል፤ ይደግመዋል፤ እንደገና ያበላሸዋል። ሱዪን እጆቿን አጣምራ አዳመጠች። የባሏ ቃል ነው፤ ረጋ ያለ፣ የተስተካከለ፣ ቀልዱን በአረፍተ ነገሩ ጭራ ላይ የሚያስቀምጥ። የሌላ ሰው ድምፅ ነው። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ክፍል ውስጥ ቢገናኙ አንደኛው ይሰበራል ብላ ስትፈራ ነበር የከረመችው። በምዕራፉ ውስጥ ስለሷ አንድም ቃል አልነበረም። አልከፋትም፤ ሾውዪ ለሷ የሚለውን ሁልጊዜ በአፉ ነበር የሚላት።

ምዕራፉ ሲያልቅ ነፋሱ ረገብ ብሎ ነበር። ኒየንዙ እርጥብ ካፖርቱን አነሳ። ሱዪን ቀና አላለችም፤ በዚህ ቤት ለመናገር መብት ያላት አልመሰላትም።

«አንተ» አሉ አዛውንቱ ጀርባቸውን ሳያዞሩ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ አለህ?»

«ሱቅ አለኝ፣ አባቴ።»

«ዝጋው። ከመጀመሪያው ጀምረህ ታነብልኛለህ። ሳይታተም መስማት አለብኝ።»

«እኔ ላነብልዎ እችላለሁ፣ አባባ» አለች ሱዪን፤ ከባድ ነገር እንዳይጠይቁት ብላ።

«አንቺን ማን ጠየቀሽ?» ድምፃቸው ሻካራ ነበር። «በአንቺ ገና ተቆጥቻለሁ። ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ እቆጣለሁ፤ ከዚያም በኋላ ትንሽ እቆጣለሁ። አንቺ ሻይ ታፈዪና ቁጭ ትያለሽ።» ለስክሪኑ የሚናገሩ ይመስል ቀጠሉ፤ «ይህ ሰው የአንድ ጣቢያ ስም በትክክል መጥራት አይችልም። በአንድ ቅዳሜ የሚማረው ነገር አይደለም።»

ኒየንዙ ከበሩ አጠገብ እንደቆመ ቀረ። ሱዪን ዲስኮቹን ከማሽኑ ልታወጣ እጇን ዘረጋች። ቀላል ነገር ነው፣ ከወረቀት አይከብድም፤ እሷ ግን ሁለቱንም እጆቿን ፈለገች። በደረቷ ውስጥ ያለው ደስታ መሆኑን ለራሷ ለመናገር ገና አልደፈረችም። የሆነው ሆኖ ማንንም ሳትዋሽ የመጣላት የመጀመሪያው ነገር ነበርና እንዳይወድቅባት ፈራች።